ማንም ያልቀመሰው የፋሲካ ዶሮ

አያቴ የምትመጣው እኔን ልትወስድ ነበር። ማንም ቁጭ አድርጎ አልነገረኝም። በእኔና በወላጆቼ አልጋ መካከል የተሰቀለው አንድ ስስ መጋረጃ ነው፤ ጆሮዬ ደግሞ ያኔም እንደ ዛሬው ለሰው ጉዳይ ክፍት ነበር። ተኝታለች ሲሉኝ ሁሉን እሰማለሁ።

አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ኑሮው በድሬዳዋና በጅቡቲ መካከል መመላለስ ነው። እናቱ ግን ቡልጋ ናት፣ ደጋ። ልጇ በረሃ ወርዶ፣ ትዳር ይዞ፣ እዚያው መቅረቱ አልዋጥላት ብሎ ኖራለች። ሁዳዴ ሊጋመስ ሲል ከአዲስ አበባ በሚወርድ የሥራ ባልደረባው በኩል ቃል ላከችበት። "ለፋሲካ እመጣለሁ። ምራቴንም አራስ ቤት አያታለሁ። ስመለስ ትልቋን ልጅ ይዣት እሄዳለሁ፤ የልጄ ልጅ ፋሲካን ከረመዳን ሳትለይ እንድታድግ አልፈልግም" አለች። ትልቋ ልጅ እኔ ነኝ። ትንሹ ገና በእናቴ ሆድ ውስጥ ነበር። ያኔ ስምንት ዓመት ሊሞላኝ ነበር።

"አትፍሪ" ይላታል አባቴ፣ ከመጋረጃው ማዶ። "እናቴን አውቃታለሁ። ቤቱን የክርስቲያን ቤት ሆኖ ካገኘችው ዝም ብላ ነው የምትመለሰው። አንቺ ብቻ ፋሲካውን አሳምሪው።"

"ባላሳምረውስ?"

አባቴ ፋኖሱን አጠፋ። እኔ መቼም ቡልጋን አይቻት አላውቅም፤ ብርዷን ግን ሰምቻለሁ። ሰው በጋቢ ላይ ጋቢ ደርቦ የሚተኛበት አገር ምን ሊሠራልኝ! ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ አለቀስኩ።

የምንኖረው ድሬዳዋ፣ መጋላ ነበር፣ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ። ከአባቴ ባልደረቦች ብዙዎቹ ከዚራ በሚባለው ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ሥር ሲኖሩ እኛ ኪራይ የረከሰበት ገባን። ሦስት ቤት፣ አንድ ግቢ፣ አንድ ማድ ቤት። በስተቀኝ ሐረሪዎች ነበሩ፤ ባልየው ጨርቅ ነጋዴ ነው፣ ሚስቱን የሰፈሩ ልጅ ሁሉ "አዴ" ይላታል። በስተግራ ሶማሌዎች ነበሩ፤ እሷን ልጆቿ "ሆዮ" ይሏታል፣ እማዬ እንደማለት ነው፣ እኛም ሆዮ አልናት። የእነሱም ልጆች እናቴን "እማዬ" ነው የሚሏት። ሦስት እናት ነበረኝ ብል ውሸት አይደለም፤ ሦስቱም ይቆነጥጡኝ ነበር።

በዚያ ግቢ በዓል የአንድ ቤት ብቻ ሆኖ አያውቅም። የእነሱ ዒድ ሲሆን ሙሸበክና ሐልዋ የሚባለው ጣፋጭ በትሪ ይመጣል፤ የእኛ ገናና ፋሲካ ሲሆን ድፎ ዳቦ ተቆርሶ ለሁለቱም ቤት ይሄዳል። ሥጋ ላይ ግን ወግ አለ። እኛ እስላም ያረደውን አንበላም፣ እነሱም ክርስቲያን ያረደውን አይበሉም። ስለዚህ ለጎረቤት ዶሮ የምትሰጠው በነፍሷ ነው። እግሯ ታስሮ በራቸው ላይ ትቀመጣለች፤ የራሳችሁ ሰው ይረዳት ማለት ነው። በዚህ ማንም በማንም ተቀይሞ አያውቅም።

እናቴን ምጥ የያዛት ጸሎተ ሐሙስ ነው፣ ገና ጊዜ አለኝ ስትል። ከአዋላጇ ጋር አዴና ሆዮ ነበሩ ያዋለዷት። ወንድ ሆነ። ሆዮ ከደጅ ብቅ አለችና እልልታዋን ልታቀልጠው አፏን ስትከፍት እናቴ ከአልጋ ላይ ጮኸች፦ "ተይ! ሕማማት ነው፣ እልል አይባልም!"

"የእናንተ ሕማማት ነው። የእኔ አይደለም!" አለች ሆዮና እልልታውን ለቀቀችው። መጋላ በሙሉ ሰማ።

በማግስቱ፣ ስቅለት ዕለት፣ አባቴ ተጠራ። ዝናብ ሐዲዱን በጅቡቲ በኩል አንድ ቦታ አጥቦት ነበርና ለጥገና የሚወጣው ባቡር ሰው ያስፈልገው ነበር። ወንድ ልጁን ታቅፎ አልጠገበም። "እናቴን ጣቢያ የሚቀበላት ሰው ፈልጊ" ብሏት ወጣ። ፈልጊ! አራሷ ከአልጋ ተነስታ ትፈልግ? እኔ አባቴን እወደዋለሁ፣ ነፍሱን ይማረው፣ ግን ይቺን ቃሉን እስከ ዛሬ አልረሳሁለትም።

ቅዳም ሹር ጠዋት አዴ ገንፎ ይዛ ስትገባ እናቴ እግሯን ከአልጋ አውርዳ፣ ግድግዳ ይዛ፣ ልትነሳ ስትታገል አገኘቻት።

"አብደሻል እንዴ? ተኚ!"

"ዶሮው አለ፣ እንቁላሉ አለ፣ ቅቤው አለ። እኔ ብቻ ነኝ የሌለሁት" አለች እናቴ። ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። "ዛሬ ማታ ትገባለች። ነገ ጠዋት ዶሮ ወጥ የሌለበት ቤት ካገኘች ልጄን ይዛብኝ ትሄዳለች።"

አዴ ገንፎውን አስቀመጠች። ወደ እኔ አየች። እኔ አልጋው እግር ሥር ኩርምት ብዬ ነበር።

"ይቺን?"

"እሷን።"

"ወላሂ አትወስዳትም" አለች አዴ፣ ሻርፗን ወደ ኋላ ጣል አድርጋ። "በይ ንገሪኝ። ወጉ ምን ምን ነው?"

እናቴ ነገረቻት። የመጀመሪያው ችግር እርዱ ነበር፤ ክርስቲያን ወንድ በግቢው የለም። ሁለተኛው ብልቱ ነው። ዶሮዋ አሥራ ሁለት ብልት ሆና፣ እያንዳንዱ ቅርጹን ይዞ መውጣት አለበት፤ አያቴ ይኼን በዓይኗ ለቅማ ነው የምታየው። ሦስተኛውን እናቴ ለመናገር ከበዳት። መጋረጃውን ልትበጥሰው ይመስል በጣቷ ስትጠቀልል ቆየች።

"አትቀየሚኝ" አለች በመጨረሻ። "የባሌ እናት የደጋ ሰው ናት። በእናንተ እጅ መሠራቱን ካወቀች አትቀምሰውም። እባክሽ እንዳትሰማ።"

አዴ የጣለችውን ሻርፕ መልሳ ተከናነበች። ፊቷ ሲቀየር አየሁ። ያን ያህል ዓመት ትሪ ለትሪ ሲለዋወጡ ኖረው፣ ልጅ አዋልዳ፣ አሁን ተደበቂ መባል ያማል። እናቴም አውቃዋለች፤ ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም።

"አቦ፣ ይሁን" አለች አዴ። "ልጅቷ ትቅር እንጂ።"

አዴ አንዱን ዶሮ በሻርፗ ሥር ይዛ፣ እኔን አስከትላ፣ የደቻቱን አሸዋ ተሻገረች። የሄድነው ቤተ ክርስቲያን ነው። ደጁ በምእመን ተሞልቷል፤ ቀሳውስቱ ቄጤማ ያድላሉ። ዘበኛው ሻርፕ የለበሰች ሐረሪ ዶሮ ይዛ ስትቀርበው ከእግር እስከ ራሷ አያት።

"እመት፣ ገበያው በዚያ በኩል ነው።"

"ገበያ አልመጣሁም። እረድልኝ።"

"እኔ?"

"ክርስቲያን አይደለህ? ጎረቤቴ አራስ ናት። ባሏ የለም። አማቷ በባቡር እየመጣች ነው። የእኔ ባል ቢያርደው አይበሉትም። ቶሎ በላ፣ ፀሐዩ አናቴን በሳው!"

ሰውየው ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። በአጥሩ ጀርባ ወስዶ፣ አማትቦ አረደው። አዴ ፊቷን አዞረች፤ የዶሮውን እግር ግን አልለቀቀችም። ስንመለስ ከሚታደለው ቄጤማ ለእኔ ተሰጠኝ። "ለእናቷም" አለች አዴ፣ እጇን ዘርግታ። "መምጣት አልቻለችም።" ቄጤማውን ይዛ እስከ መጋላ ድረስ ሄደች፤ ቤት ስንደርስም በእናቴ ራስ ላይ ራሷ አሰረችላት። "እንዲህ ነው? ላጥብቀው?" እያለች።

ከዚያ ማድ ቤቱ ጦር ሜዳ ሆነ። ሆዮ ሽንኩርት ስትከትፍ እያለቀሰች በሶማሊኛ ሽንኩርቱን ትረግማለች። አዴ ብልት ታወጣለች። እናቴ ከአልጋዋ ሆና በመስኮት ትጮሃለች፤ "ፈረሰኛው ወጣ? ቆዳው አብሮ እንዳይሄድ! መላላጫው ከእግሩ ይለይ!" አዴም መልሳ ትጮሃለች፤ "ይቺ ዶሮ ናት ወይስ ሰዓት? ይኼን ሁሉ ብሎን ፈታሁ!" እኔ በመካከላቸው እሮጣለሁ። እናቴ አንዱን ብልት አምጪና አሳዪኝ ትለኛለች፣ አይታ "ጎሽ" ትላለች፣ መልሼ እወስዳለሁ።

ቁሌቱ በስሎ፣ በርበሬው ገብቶ፣ ብልቱ ተጨምሮ፣ ድስቱ መንተክተክ ሲጀምር ያላሰቡት ነገር መጣ። ማን ይቅመሰው?

አዴና ሆዮ አይቀምሱም፤ የክርስቲያን እርድ ነው። እናቴ አራስ ስለሆነች ጾሙ አይመለከታትም፤ ግን በቅዳም ሹር፣ አማቷ መንገድ ላይ እያለች፣ ሥጋ በአፌ አይገባም አለች። ሦስቱም ወደ እኔ ዞሩ።

"እኔም ጿሚ ነኝ" አልኩ።

እውነቴን ነው፤ ሁዳዴን ለመጀመሪያ ጊዜ ከጫፍ እስከ ጫፍ የጾምኩት በዚያ ዓመት ነው። አባበሉኝ። ሆዮ ከረሜላ ልትሰጠኝ ቃል ገባች። አዴ ልትቆነጥጠኝ እጇን አነሳች። ድርቅ አልኩ። ስደርቅ ማንም አይመልሰኝም፤ ባሌ ምስክር ነው።

"ተዋት" አለች አዴ። "እኔ በረመዳን ወሩን ሙሉ ሳልቀምስ አይደል የማበስለው? አፍንጫዬ አለ።"

"እኔስ ሁዳዴን ሙሉ ለባሌ ቁርስ ስሠራ ቀምሼ አውቃለሁ?" አለች እናቴ በመስኮት። አባቴ በሥራ እያመካኘ ቁርሱን እንደሚበላ በዚያው ግቢው ሁሉ ሰማ። ሦስቱም ሳቁ። ከአራስ አልጋ እስከ ማድ ቤት ሳቅ ሲመላለስ ትንሹ ወንድሜ ነቅቶ አለቀሰ።

ባቡሩ ሊገባ ሲል ከሆዮ ጋር በጋሪ ጣቢያ ወረድን። አያቴን ወዲያው አወቅኋት፤ በዚያ ሙቀት በርኖስ የደረበች ሌላ ሰው አልነበረም። ግንባሬን ሳመችኝ፤ ቅቤ ቅቤ ትሸታለች። ከዚያ ዞር ዞር ብላ አየች።

"አባትሽ የታለ?"

"ወደ ጅቡቲ ሄደ፣ ለሥራ።"

"እናትሽስ?"

"ወለደች። ተኝታለች።"

"ታዲያ ፋሲካውን ማን ሠራው?"

ወደ ኋላ አፈገፈግኩ። ሆዮ ግን የአያቴን እቃ አንስታ ትከሻዋ ላይ አደረገች። "ሁሉ አለ። አንቺ ብቻ ነይ" አለቻት። እኛ ድሬዎች ትልቁንም ትንሹንም አንተ አንቺ ነው የምንለው፤ አያቴ ግን በዕድሜዋ ሙሉ ማንም አንቺ ያላት አይመስለኝም።

"ይቺ ተሸካሚ ማን ናት?" አለችኝ በጆሮዬ።

"ተሸካሚ አይደለችም! ሆዮ ናት!"

ቤት ገብታ፣ ሕፃኑን አቅፋ፣ እናቴን ስማ፣ ወደ ድስቱ ሄደች። ክዳኑን አንስታ አሸተተች። ብልቱን በማማሰያ ገለጥ ገለጥ አደረገች። እናቴ በመስኮት አንገቷን አሰገገች።

"ማን ሠራልሽ?"

"ጎረቤቶቼ ናቸው፣ እትዬ።"

"እግዜር ይስጣቸው። በዚህ በረሃ ደህና ክርስቲያን ጎረቤት ማግኘትሽ ደስ ይላል።" እናቴ ሕፃኑን ወደ ጡቷ አስጠጋችና ነገሩን አለፈችው። አያቴ ትንሽ አረፍ ብላ ለቅዳሴ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደች።

ስትመለስ ጎህ ቀድዶ ነበር። ሞሰቡ ቀርቧል፣ እናቴ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። አያቴ አማተበች፣ እንኳን አደረሰን አለች፣ ከወጡ አጥቅሳ የመጀመሪያውን ጎረሰች። ልክ በዚያ ጊዜ አዴና ሆዮ ትሪ ይዘው በሩ ላይ ደረሱ። የኛ በዓል ሲሆን ከሁሉ በፊት እንኳን አደረሳችሁ የሚሉን እነሱ ናቸው፤ ያን ጠዋት ቀርተው ቢሆን ነበር የሚገርመው።

አያቴ ማኘኳን አቆመች። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ያን ሁሉ ጊዜ ጾማ የጎረሰችውን የፋሲካ ጉርሻ መትፋት ነውር ነው፤ በግድ ዋጠችው።

"ውሃ!"

ጣሳውን አንስታ ጨለጠችው። ከዚያ እናቴን አየቻት። "ይኼን ወጥ የሠራው ማን ነው?"

እናቴ ወደ አዴ ዞረች። እኔ ቡልጋ ታየችኝ፣ ከነብርዷ። ማንም ሳይናገር አዴ ትሪዋን መሬት ላይ አስቀመጠች።

"እኔ ነኝ" አለች። "ምን ሆነ?"

"ጨው! ባሕር ነው እንጂ ወጥ ነው?"

"እንዴ! አንድ ጊዜ ነው የጨመርኩት፣ ወደ ቤቴ ስሄድ።"

ሆዮ እጇን አፏ ላይ ጫነች። "ያ ረቢ! እኔም ጨመርኩ። ጣቢያ ከመሄዴ በፊት። የረሳሽ መስሎኝ!"

ከአልጋው ላይ አንድ ትንሽ ድምፅ መጣ። "እኔም" አለች እናቴ። "ሁላችሁም ስትወጡ ግድግዳ ይዤ ሄድኩ። የእኛን ወጥ ስለማያውቁት ጨው ያሳንሳሉ ብዬ ፈራሁ።"

በሌላ ቀን ቢሆን ሦስቱም መሬት ላይ ተንከባለው ይስቁ ነበር። ያን ቀን ማንም አልሳቀም።

"ማናችሁም አልቀመሳችሁም?" አለች አያቴ።

"እኛ የእናንተን እርድ አንበላም" አለች አዴ። "እሷም ጾሜን አልገድፍም አለች። ይቺም" ወደ እኔ በአገጯ እያሳየች፣ "ይቺ ደረቅም ጿሚ ነኝ ብላ እንቢ አለች።"

አያቴ ዞራ አየችኝ። ብዙ አየችኝ። "ጾመሻል?" አለች። ራሴን ነቀነቅኩ። ከዚያ ወደ አዴ ተመለሰች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ዶሮውን ማን አረደው?"

"የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ። ወስጄ አሳረድኩት።"

"አንቺ? በቅዳም ሹር? ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ዶሮ ይዘሽ ቆምሽ?"

"ምን ላድርግ? የእናንተ ሰው ካላረደው አትበሉ።" አዴ ወደ ሞሰቡ ቀረበች። "እማማ፣ ጨዉ የእኔ ጥፋት ነው። ልጅቷን በእሱ ምክንያት አትውሰጂብን።"

"አትውሰጂብን" ነው ያለችው፤ "አትውሰጂባት" አላለችም። እኔ ያን ጊዜ ነው ድምፅ አውጥቼ ያለቀስኩት።

አያቴ እጇን በሞሰቡ ጠርዝ ላይ አሳረፈች። የምትቆጣ መስሎኝ ነበር። ስትናገር ግን ለማንም የምትናገር አትመስልም ነበር።

"የዚህችን አባት የወለድኩ ሰሞን" አለች፣ "ውሃዬን ራሴ ነኝ ወንዝ ወርጄ የቀዳሁት። እንስራውን አዝዬ ዳገቱን ስወጣ ደሜ ይፈስ ነበር። ጎረቤት ጠፍቶ አይደለም። ጎረቤትማ ሞልቶ ነበር። በየደጃቸው ቆመው ያዩኝ ነበር።" በነጠላዋ አፍንጫዋን ጠረገች። "ሁሉም ክርስቲያን ነበሩ።"

ሆዮ ቀስ ብላ አጠገቧ ተቀመጠች። አያቴ በርኖሷን አወለቀች፤ ከመጣች ገና ማውለቋ ነበር። "በሉ ተነሱ" አለች። "ጨው የሌለበት ቁሌት ከትፈን እንደባልቅበት። የጨው ዕቃውን ግን ለእኔ ስጡኝ፣ ማናችሁንም አላምንም!" አሁን ነው ሳቁ የመጣው። ማድ ቤቱ ውስጥ አዴና ሆዮ ሲከትፉ፣ አያቴ የጨዉን ዕቃ በብብቷ ይዛ ስታዝዝ፣ እናቴ በመስኮት ስትጮህ፣ ፋሲካችን እኩለ ቀን ላይ ተበላ።

አያቴ የወንድሜ ክርስትና እስኪነሳ ተቀመጠች። ከአዴ ጋር ገበያ ትወርዳለች፣ ከሆዮ ጋር ደጃፍ ቁጭ ብላ ታወራለች፣ ሲሞቃት "አቦ!" ማለት ለመደች። ስለ እኔ ግን አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ትወስደኝ አትወስደኝ ማንም አያውቅም፣ መጠየቅም ማንም አልደፈረም። አባቴም ከጥገናው ተመልሶ ሁለት ጊዜ አፉን ከፍቶ ሁለት ጊዜ ዘጋው። እናቴ በመጨረሻው ሳምንት ቀሚሶቼን አጥባ፣ አጣጥፋ፣ በአንድ ጨርቅ ቋጠረቻቸው። ስትቋጥር አየኋት፤ የሰው ልጅ ጨርቅ እየቋጠረ እንደዚያ ሲያለቅስ ከዚያ ወዲያ አላየሁም።

በመሄጃዋ ቀን ግቢው በሙሉ ጣቢያ ወረደ። ቋጠሮዬ በአባቴ እጅ ነው። አያቴ ሁሉንም ስማ ተሳፈረች፣ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች። አባቴ ቋጠሮውን ወደ መስኮቱ አነሳ። "እሷስ፣ እማዬ?" አለ።

አያቴ ቋጠሮውን አልተቀበለችውም። በአባቴ ትከሻ ላይ አሻግራ፣ በእናቴም ላይ አሻግራ፣ ከኋላ ቆማ ወደነበረችው ወደ አዴ አየች።

"አንቺ፣ ቅረቢ" አለቻት። "የልጄን ልጅ አደራ።"

አዴ ሰዉን ገፍታ መስኮቱ ሥር ደረሰች። ባቡሩ መንቀሳቀስ ጀምሮ ነበር። የአያቴን እጅ በሁለት እጇ ይዛ አብራ እየተራመደች፣ "ወላሂ" አለቻት።